ሃያ እንዳይሞሉ የተገነባው ግድግዳ

«ተነሱ! በጓሮ በር ውጡ! ቶሎ በሉ እንጂ!»

የስፌት ቤቱ ባለቤት ነው እንዲህ የሚጮኸው...

ፋይል ያቀፈ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ አንድ ሰውዬ ግቢው በር ላይ ቆሞ ዘበኛውን ጠይቆታል።

«ስንት ሠራተኛ አላችሁ?»

በቃ። ባለቤቱ ይህን ሲሰማ እየሮጠ ወደ ውስጥ ገባ።

ለምን መሰላችሁ?

በእነሱ አገር ሕግ የአንድ ድርጅት ሠራተኛ ሃያ ከሞላ ነርስ መቅጠር፣ የሕክምና ክፍል ማዘጋጀት፣ ለሁሉም መድን መግባት ግዴታ ነው።

እሱ ደግሞ ይህን ሁሉ ወጪ አልፈለገም። ስለዚህ አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ሠራተኞቹም እሱ በሌለበት «ጋሼ አሥራ ዘጠኝ» ይሉታል።

ሥራ ሲበዛበትስ ምን አደረገ?

አዳራሹን መሃል ለመሃል በብሎኬት ከፈለው!

ወዲህ በእሱ ስም አሥራ ዘጠኝ ሰው፣ ወዲያ በሚስቱ ስም ሌላ አሥራ ዘጠኝ።

ቆራጮቹ ከጥቂት ሰፊዎች ጋር ወዲህ ሆኑ፣ የቀሩት ሰፊዎች ወዲያ። የተቆረጠው ጨርቅ በሰው ትከሻ መንገዱን ዞሮ ነው የሚደርሰው። ዝናብ ሲጥል ጨርቁም ተሸካሚውም አብረው ይበሰብሳሉ...

ሚስቱ ስንቴ ነግራዋለች።

«አንተ ሰው፣ ሁለት ፈቃድ፣ ሁለት ዘበኛ፣ ሁለት ሂሳብ ሠራተኛ ከምንይዝ አንዲት ነርስ ብንቀጥር ምን አለበት?»

«አንቺ አታውቂም! ነርሷ ብቻዋን መሰለችሽ? ከኋላዋ ስንት ቅጽ ይመጣል!»

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሰውየው ዝም ብሎ አልፈራም። ጎረቤቱ እንጨት ሠሪ ሃያ ሁለት ሰው ቀጥሮ፣ ቅጽ ሲሞላ ነው ጸጉሩ የሸበተው።

አሁን ግን ከቅጽ የባሰ ነገር መጥቷል። ዩኒፎርም የሚያሰፋቸው ትልቁ ደንበኛ ጥሏቸው ሄዷል። እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ሥራ ካልተገኘ ግማሹ ሰው እንደሚበተን ሁሉም ያውቃል።

እና በዚህ ጭንቀት መሃል ተቆጣጣሪ መጣ...

የሚስትየው ሠራተኞች ክር በልብሳቸው ላይ እንደተንጠለጠለ በጓሮ በር ወጥተው መንገድ ዳር ተደርድረው ተቀመጡ።

ባለቤቱ እንግዳውን ወደ ውስጥ አስገባው።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ! እኛ እንኳ ትንሽ ነን... አሥራ ዘጠኝ ብቻ። ዛሬማ ሁለቱ አሟቸው ቀርተዋል።»

«ከግድግዳው ወዲያስ?»

«መጋዘን ነው።»

ሰውዬው አንድ የተሰፋ ኮት አነሳ። ገለበጠው። የውስጥ ስፌቱን በጥፍሩ ሳብ ሳብ አደረገው።

«እጃችሁ ግሩም ነው። በጣም ያሳዝናል።»

«ምኑ ነው የሚያሳዝነው?»

«የመጣሁት ከክሊኒኮች ማኅበር ነው። የሦስት ዓመት የጋውን ሥራ የሚረከበን ስፌት ቤት እየፈለግን ነው። ግን ቢያንስ ሠላሳ ሠራተኛ ያለው መሆን አለበት።»

ባለቤቱ ክው አለ።

«ቆይ! ቆይ! ሠላሳ ስምንት ነን! እውነቴን ነው! ይምጡ ላሳይዎት!»

እንግዳውን እጁን ይዞ እየጎተተ መንገድ ዳር አደረሰው።

አንዲት አንጋፋ ሰፊ ለመነሳት ግራ ገብቷት፣ ግማሽ ቁጭ ግማሽ ብድግ እንዳለች ጠየቀች።

«ጋሼ፣ እንግባ ወይስ ትንሽ እንቆይ?»

እንግዳው ፋይሉን ዘጋ።

«ቁጥራችሁስ ይበቃል። ግን ዛሬ ሰው የደበቀኝ ሰው፣ ነገ ጋውኑ ሲጎድል ምን እንደሚደብቀኝ በምን አውቃለሁ?»

ሄደ። ተመልሶም አልመጣም።

በወሩ መጨረሻ የሚስትየው ድርጅት ተዘጋ። ሚስቱ «ነግሬህ ነበር» አላለችም። እየዞረች ሁሉንም አንድ በአንድ እያቀፈች ሸኘች።

ያቺ አንጋፋ ሰፊ ግን ስትወጣ ባለቤቱ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ከቤቱ ውጡ አልከን፣ ወጣን። እኛ ምን አጠፋን?»



ወገኖቼ... ሕግ ወጪ አለው፣ ይህን የሚክድ የለም። ትንሹን ድርጅት እንዳያድግ የሚያስፈራ ሕግ ካለም ያወጡት ሰዎች ቁጭ ብለው ሊያስቡበት ይገባል። እኛ ግን ወጪ የምንሸሽ እየመሰለን፣ ላለማደግ የምናወጣው እንደሚበልጥ ልብ አንለውም። ዕዳው ደግሞ የሚወድቀው ምንም ባልወሰነው ሰው ላይ ነው።

እስቲ ፍረዱ... እነዚህን ሰዎች ከሥራ ያስወጣቸው ሕጉ ነው ወይስ የባለቤቱ ፍርሃት? እናንተስ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ሃያኛውን ሰው ትቀጥሩት ነበር? ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።