አሰለፈች ደጅ የሚበላሸው ዶዘር

የአሰለፈች ቤት ጉበን ዝቅ ያለ ነው፤ ሰውም አይመርጥ። ገብቶ ግንባሩን ሳይመታ የወጣ እንግዳ የለም። ቤቱን ሊለካ የመጣው መሐንዲስ ሲገባም ሲወጣም ተመታ። ግድግዳው ላይ ቀይ ምልክት የቀባው ሰው ደግሞ ከነቀለም ቆርቆሮው ተንገዳገደ። አሰለፈች ለሁለቱም «እሰይ! የእጃችሁን ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ግን የሳቀችበት ቀን የለም።

አስፋልቱ ቤቷ መሀል ለመሀል ሊያልፍ ነው። ማዶ ላይ ከብት እንኳ የማይግጠው ሜዳ ተዘርግቶ ተኝቷል። «ወደዚያ ጥቂት ፈቀቅ ቢል ማን ይሞታል?» እያለች ቢሮ ለቢሮ ዞረች። አንዱ ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዱ መስክ ወጥቷል፣ አንዱ «ነገ ይመለሱ» ይላል። ነገ ስትመለስ ሌላ ነገ ይጠብቃታል። ጫማዋ ካለቀ በኋላ አንድ ኮሚቴ አቤቱታዋን ተቀበለና «ሰኞ መልስ ያገኛሉ» አላት።

«ሰኞ?» አለ ፎርማኑ በላይነህ። «እኔ እስከ ዓርብ ጠርጌ እንድጨርስ ታዝዣለሁ። የሰኞውን መልስ አስፋልቱ ላይ ቆመው ይሰሙታል።»

«አንተ፣ ለመሆኑ ሴት ናት የወለደችህ ወይስ ዶዘር?»

«ዕቃዎን ያውጡ፣ እትዬ።»

አላወጣችም። ከቤቱ ሌላ ምን ዕቃ አላትና? ልጅ አልወለደች፣ ባሏም አፈር ከለበሰ ቆይቷል። መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ነበር አብረው የገዙት፣ ከአንዲት የወታደር ሚስት። ሴትዮዋ ባሏ በወጣበት ቀርቶባት፣ በአንድ እጇ ልጇን፣ በሌላው ብርድ ልብሷን ይዛ ወደ እብናት ሄደች። የቀረው ሁሉ ለአሰለፈች ተረፈ፤ የጓሮው ጉድጓድ፣ ጢስ ያጠቆረው የጽድ ምሰሶ፣ ምሰሶው ላይም ከጭኗ ጀምረው እስከ ደረቷ ከፍ ከፍ እያሉ የወጡ የቢላ ጭረቶች። ሴትዮዋ የእህል ጆንያ የቆጠረችባቸው ይመስላታል። ከጎናቸው ምስማር መትታ የውኃ ጣሳዋን ትሰቅልበታለች።

ዶዘሩ ማክሰኞ ደረሰ። ነጂው ስማቸው የሚባል ቁመተ ረጅም፣ ንግግረ ቁጥብ ወጣት ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ ጎንበስ ብሎ ገባ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ። ከጓሮው ጉድጓድ ውኃ ቢያጠጡኝ?»

«ጉድጓዴንም መዝግባችሁታል? አዬ እናንተ! ነገ አፈር የምትመልስበትን ጉድጓድ ዛሬ ትጠጣዋለህ?»

«ካልከለከሉኝ።»

አልከለከለችም። ውኃ ለጠላትም አይከለከልም። ቀድታ ስትመለስ ግን ምሰሶውን ከታች ወደ ላይ በጣቱ ሲዳስስ አገኘችው። ደሟ ፈላ።

«ከየት ብትመታው እንደሚወድቅ ነው የምታጠናው?»

«ጠንካራ ነው» አለ ብቻ። ጠጥቶ ወጣ።

አሰለፈች በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ከመድኃኔዓለም ጸበል አምጥታ የዶዘሩ ሰንሰለት ላይ ረጨች። ያን ጠዋት ዶዘሩ አጥሯ ጋ ሲደርስ ተንተፋተፈና ጸጥ አለ። እልልታዋን አቀለጠችው።

በላይነህ ሞተሩን ከፍቶ አየና እየሮጠ መጣ። «የናፍጣ ቱቦው ተፈቷል! እርስዎ ነዎት!»

«እኔ ከመኪና የማውቀው ተሳፍሮ ሐሙሲት ገበያ መውረድን ነው።»

ለዶዘሩ ዘበኛ ተቀጠረለት። ሐሙስ ባትሪው ሞተ። በላይነህ ዘበኛውን ከዶዘሩ አንስቶ እሷ በር ላይ አቆመው። አሰለፈች ጸበሉን በመስኮት ረጨች።

ዓርብ ዶዘሩ እንደ ጉድ እያጓራ ተነሳ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ቆመ። አሰለፈች ደጃፏ ላይ ተቀመጠች፤ «በላዬ ላይ ትሄዳላችሁ እንጂ!» አለች። ዶዘሩ ዞር አለና በጠራራ ፀሐይ፣ በደረቅ መሬት፣ ቦይ ውስጥ ገብቶ በጎኑ ተጋደመ።

«መድኃኔዓለም!» አለ ሕዝቡ።

«ምን መድኃኔዓለም!» አለ በላይነህ ባርኔጣውን መሬት ላይ እየወረወረ። «ነጂ ብለው የሚልኩልኝ ይሄንን ነው! ሂድ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዳላይህ!»

አሰለፈችም የድርሻዋን አልተወችም። «አንተ ረጅሙ! የሰው ቤት ለማፍረስ ከምትዞር፣ ምነው እናትህ ቤት አርፈህ ብትቀመጥ?»

ስማቸው ከቦዩ ውስጥ ቀና ብሎ አያት። የሳቀም መሰላት፤ ይህም አበሳጫት።

ዶዘሩን የሚያወጣ እስኪገኝ ሰኞ ሆነ። የመንገዱ ችካል ከደጇ ተነቅሎ ማዶ ሜዳው ላይ ተተከለ። መልሱን ሊነግራት የመጣው በላይነህ ግንባሩን ከጉበኑ ጋር አላተመ። አሰለፈች በስንት ጊዜዋ ሳቀች።

ወደ ማታ ስማቸው ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ። ጎንበስ ብሎ ገባ።

«ተባረርህ አሉ።»

«ተባረርሁ፣ እትዬ። ማሽን አያውቅም ብለው።»

«ዋሹ? ጸበል የረታው ነጂ! እዚህ ደግሞ ምን ቀረህ?»

«ውኃ ቢያጠጡኝ።»

እያጉረመረመች ጣሳዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ገመዱ ተጠላልፎባት ቆየች። ስትመለስ ምሰሶውን ተደግፎ ቆሟል፤ አንድ እጁን ኪሱ ከትቷል። ውኃውን እስከ ጠብታው ጨለጠው።

«እንግዲህ ይኑሩበት፣ እትዬ።»

«ያንተን ፈቃድ መቼ ጠየቅሁ!»

ጎንበስ ብሎ ወጣ። ወደ እብናት የምትሄደዋ የመጨረሻ መኪና ጥሩምባ ስታሰማ ሰማች።

ጣሳዋን ልትሰቅል ወደ ምሰሶው ስትጠጋ እግሯ ሥር የእንጨት ፍርፋሪ አየች፤ ቀና አለች፤ ከድሮዎቹ ጭረቶች ሁሉ በላይ፣ ከአንድ ረጅም ሰው አናት ትክክል፣ ጢስ ያልነካው አዲስ ጭረት ነበር።