የጀላሉ ገመድ

አምባዬ ገመዱን ጎረቤቱ እጅ ላይ ያደርግና «ሳበው፣ አትፍራ» ይላል። ጀላሉ ሳይስብ ይስቃል። ከጁምዓ ሶላት መመለሱ ነው፤ ነጭ ጀለቢያው ገና ከሣጥን የወጣ ይመስላል፣ ጢሙም ከታጠበበት ውሃ አልደረቀም።

ገመዱ ከበሩ መቃን ተነሥቶ በግድግዳው ላይ እስከ እናቱ እትዬ ኡርጌ ራስጌ ይሄዳል። እዚያ አምባዬ ጣልያን ጥሎት ከሄደው የብስኩት ቆርቆሮ የሠራቸው ትንንሽ ሣጥኖች ተደርድረዋል። ገመድ ሲሳብ የአንዱ ክዳን ይከፈታል፣ የካርቶን ማራገቢያ ይወዛወዛል፣ ሽታው ወደ አሮጊቷ ይነፍሳል። እርጅና የእናቱን ዐይንም ጆሮም ወስዶ አፍንጫቸውን ብቻ ትቶላቸዋል። ሰው ድንገት እጃቸውን ሲይዛቸው በድንጋጤ ይጮሃሉ። ከእንግዲህ ግን የሚገባው ሰው አስቀድሞ በራሱ ጠረን ይታወቃል።

ክዳኖቹ አልገጥም ብለው፣ ሽታው ሁሉ እየተደበላለቀ እናቱን ሲያስነጥሳቸው ከርሟል። ሚስቱ ዲሪቤም «ከቴሌግራፍ ቤት ሲያባርሩህ ቆርቆሮ ትቀጠቅጣለህ» እያለች ስታሾፍበት ነበር። አሁን የእሷ የጠጅ ሣር ሣጥንና የእሱ የሎሚ ሳሙና ሣጥን በደንብ ሠርተዋል። የቀረው የጀላሉ ነው።

ጀላሉ ይስባል።

ዲሪቤ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ታደርጋለች። ጥሬ ዝባድ ነው፤ ከጥርኝ የሚወጣው፣ ሳይቀመም የሚከረፋው። ጀላሉ ጥርኝ አርቢ ነው፤ አምባዬ «ትንሽ ስጠኝ፣ ለሥራ ፈልጌው ነው» ሲለው ለምን ሳይል የሰጠው ራሱ ነው።

የእትዬ ኡርጌ ፊት ይበራል። ሁለቱንም እጃቸውን ወደ በሩ ይዘረጋሉ። «ጀላሉ ኮ፣ የኔ ጀላሉ፣ ኮቱ፤ ና ፀሐይ አሙቀኝ።»

«ወዲያው አወቁህ» ይላል አምባዬ፤ ደስታው አላስቆመው ብሎ። ዘወር ሲል ጀላሉ የጀለቢያውን እጅጌ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ እያሸተተ ነው።

«ታጥቤ ነው የመጣሁት» ይላል ጀላሉ።

የአምባዬ ፊት ይግላል። «ዝባድ እኮ ፈረንጅ ሽቶ የሚሠራበት ነው» ይላል፤ ቃሉ ገና ከአፉ ሳይወጣ ያስጠላዋል። ለራሱ የሚሆነውን ሽታ ስንት ቀን ሲያማርጥ ነበር። ለጀላሉ ግን አላሰበበትም፤ ማሰብም አላስፈለገውም። እሱ ቢሮ ሲውል እናቱን በየቀኑ አቅፎ ደጅ የሚያወጣው ይህ ሰው ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይወዳል።

ጀላሉ ገመዱን ይለቅቃል፤ ክዳኑ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ከዳር ያለውን ገመድ ይነካና «ይሄስ የማን ነው?» ይላል።

«የማንም። የማናውቀው እንግዳ ሲመጣ የሚስበው ነው፤ ባሕር ዛፍ ነው ያለበት።»

«እንግዲያው እኔ በዚህ ልግባ» ይላል ጀላሉ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጣ ለአምባዬ ይሻለው ነበር።

ይስበዋል። የባሕር ዛፉ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። እትዬ ኡርጌ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያሸታሉ፤ የዘረጉትን እጅ ይሰበስባሉ፤ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

«ይግቡ ጌታዬ» ይላሉ፣ ለባዳ በሚያወጡት ድምፅ። «ማን ልበል?»

ጀላሉ ጫማውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆሟል። አምባዬ እናቱ እንደማይሰሙት እያወቀ ስሙን ጮክ ብሎ ይነግራቸዋል።