ለስምረት የተፈረደ ቤት

«ደግሞ ተራዬን ልትቀማኝ ነው?» አለች ወይንሸት፣ ሻንጣዋን እንዳንጠለጠለች የቀድሞ ባሏን በር ላይ ስታየው።

በዚያ ዘመን ባልና ሚስት ሲፋቱ ፍርድ ቤት ቤቱን የሚፈርደው ለልጅ ነበር። እናትና አባት በየሳምንቱ ይፈራረቁበታል፤ ተራው ያበቃ ወላጅ የጥርስ ብሩሹን እንኳ ይዞ ይወጣል።

«ኧረ ልጅሽን ጠይቂ!» አለ ታምሩ እየሳቀ።

የሰባት ዓመቷ ስምረት ከኋላው ብቅ አለች።

«እማዬ፣ ለዳኛዋ አመልክቼ ፈቀዱልኝ! እሑድ እሑድ ሦስታችንም አብረን እራት እንበላለን። ግን አንቺ እሺ ካልሽ ነው።»

ወይንሸት ሁለቱን አፈራርቃ አየቻቸው።

«ወጡን ማን ሠራው?»

«አባዬ።»

«እንግዲያው ጨው የለውም።»

«እሺ አልሽ ማለት ነው?»

«እሺ ብያለሁ፣ የኔ ጠበቃ።»

ስምረት እየዘለለች ሦስተኛ ወንበር ጎተተች፤ ሦስቱም ተቀምጠው በሉ።