የዊንስኪል እህትማማቾች የታችኛው ድምፅ

የዊንስኪል እህትማማቾች እህትማማቾች አልነበሩም። ዊንስኪልም ቢሆን ሥራ አስኪያጃቸው ሚስተር ላተም ከአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ላይ ያነበበው ስም ነው። ሦስቱንም አንድ ዓይነት ቀሚስ አልብሶ፣ አንድ ዓይነት ፀጉር አሠርቶ በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ሲያቆማቸው ግን እንግሊዝ አገር በሙሉ እህትማማች ናቸው ብሎ አመነ። ሞይራ ቀጭኑን የላይኛውን ድምፅ ትዘፍናለች፣ ግሌኒስ የመካከሉን፣ ኤድና ደግሞ ወፍራሙን የታችኛውን።

ኤድና በዕድሜ ትበልጣቸዋለች። የመጣችው ከኦልደም የጥጥ ፋብሪካ ነው። እዚያ የሽመና ማሽኑ ጩኸት ስለማያነጋግር ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ያለ ድምፅ፣ በከንፈር ብቻ ያወራሉ፤ ሐሜቱ ሳይቀር በከንፈር ነው። ኤድና ወደዚያ ላለመመለስ የማታደርገው ነገር አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1955 በጋ ሞርካም ከተማ፣ ባሕሩ ላይ በተሠራው ቲያትር ቤት ይዘፍኑ ነበር። ያረፉት ሚስስ ታተርሶል ቤት ነው። ሚስስ ታተርሶል ለመድረክ ሰዎች ብቻ ክፍል የምታከራይ መበለት ስትሆን፣ ጠዋት ጠዋት ከእንቁላሉ ጋር ወሬም ታቀርባለች።

«ሰምተሻል አይደል የኔ እህት?» አለቻት አንድ ጠዋት፣ ሻይ እየቀዳችላት። «ቅዳሜ ከለንደን አንድ የሙዚቃ ሸክላ አሳታሚ ይመጣል። በሬዲዮ ሰምቷችሁ ነው። አንዳችሁን ሊወስድ ነው አሉ።»

«አንዳችንን?»

«አንድ ብቻ። ከሷ ሰማሁ እንዳትዪ ታዲያ።»

ኤድና የትኛዋን ብላ አልጠየቀችም። ከሬዲዮው በኋላ የጎረፈው ደብዳቤ ሁሉ ለሞይራ የተጻፈ ነበር። የታችኛውን ድምፅ ማን ይሰማዋል? እንደ ቤት መሠረት ነው፤ ጎብኚ ሁሉ የሚያደንቀው መስኮቱን ነው። ሞይራ ከሄደች ደግሞ ቡድኑ አከተመ፤ ኤድናም ወደ ማሽኖቿ።

አንድ ሰው ይነግረኛል ብላ ጠበቀች። ማንም ትንፍሽ አላለም። በዚያ ሙያ ዘፋኝን ማን ሊሰማው እንደመጣ አስቀድሞ መንገር ነውር ነው፤ ጉሮሮ ይዘጋል ይላሉ። ባለፈው ወር የግሌኒስ እናት አዳራሽ ውስጥ ስትቀመጥ ከግሌኒስ የደበቀችው ራሷ ኤድና ነበረች። የአሁኑ ግን ሌላ ነው። ሞይራ ማወቋን ፊቷ ይናገራል፤ ከኤድና ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ካቆመች ሰንብታለች። ኤድና ተንገበገበች። አብሮ የበላ ሰው ጀርባዋ ላይ ሲዶልት!

ቅዳሜ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሞይራ የጆሮ ጌጧን አውልቃ ሰጠቻት።

«ዛሬ አንቺ አድርጊው።»

«ምነው፣ ምን ተገኘ?»

«ያምርብሻል ብዬ ነዋ።» ቀጥላም «ኤድና፣ ምንም ቢመጣ ፖስትካርድ ትጽፊልኛለሽ አይደል?» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ፖስትካርድ የሚጽፈው መንገደኛ ነው። እኔ የት እሄዳለሁ?»

ኤድና ጌጡን አደረገችው። ሟቿ ሳትሞት ለቅሶ ደረሱኝ ብላ በልቧ ተሳለቀች።

ሚስተር ላተም በማር የጣፈጠ ትኩስ የሎሚ ሻይ ይዞ ገባ። ሻይ ሲያመጣ ታይቶ አይታወቅም።

«ጠጪ፣ ጉሮሮሽን ይጠርግልሽ» አላት። «ዛሬ ደግሞ ወደ ማይክሮፎኑ አንድ እርምጃ ጠጋ በይ።»

ኤድና ድምፅዋ ኃይለኛ ስለሆነ ሁልጊዜ የምትቆመው ከሁለቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነው።

«እዚያ ሆኜ ላደንቁራቸው?»

«ጠጋ በይ ካልኩሽ ጠጋ በያ፣ ምን ያከራክርሻል?»

አሁን ሁሉም ነገር ተገለጠላት። ከታች የሚደግፍ ድምፅ ከሌለ የሞይራ ድምፅ ሜዳ ላይ የቀረ ነው። ስለዚህ ኤድና ጠጋ ብላ ሞይራን ተሸክማ ለንደን ድረስ እንድታደርሳት ነው የተፈለገው። ለድካሟም አንድ ስኒ ሻይ።

እሺ ብላ ሻዩን ጠጣች።

መድረክ ላይ እንደተባለችው ጠጋ አለች። ኦርኬስትራው ጀመረ። ኤድና አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አላወጣችም። የኦልደም ከንፈሯ ሙያውን አልረሳም፤ እያንዳንዱን ቃል አሳምሮ እየሠራ፣ በፈገግታ አጅቦ አለፈ። ከሩቅ ለሚያያት ከሦስቱ ሁሉ ከልቧ የምትዘፍነው እሷ ነበረች።

የሞይራ ድምፅ ብቻውን ቀርቶ ተንቀጠቀጠ። ግሌኒስ የምትይዘው አጥታ ሁለት ጊዜ ከዜማው ወጣች። ሞይራ ዞር ብላ ኤድናን አየቻት፤ ደግማም አየቻት። ኤድና ፈገግ እንዳለች አራቱንም ዘፈን በከንፈሯ ጨረሰች። አዳራሹ ለይሉኝታ ያህል አጨበጨበ። የኤድና አንጀት ቅቤ ጠጣ።

መልበሻ ክፍል ሲገቡ ሞይራ ፊቷን በፎጣ ሸፍና ታለቅስ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች። «ከቀን ሁሉ መርጠሽ ዛሬ?»

«ጉሮሮዬ ተዘጋ» አለች ኤድና።

እውነት ለመናገር አሳዘነቻት። ግን ነገ ከነገ ወዲያ ትረሳዋለች፤ ሦስቱም አብረው ይቀራሉ፤ ኤድናም አይስክሬም ጋብዛ ትክሳታለች። ይህን እያሰበች፣ ቀለል ብሏት ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ አንድ የዝናብ ልብስ የደረበ ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የሚስተር ላተምን ቢሮ ይፈልጋል። ሲያያት መድረክ ላይ ከቆሙት አንዷ መሆኗን አወቀና በትሕትና እጅ ነሣት።

«ይቅርታ እመቤት፣ እርስዎን ለማስቀየም አይደለም፤ በሰው ቦታ ተተክቶ መቆም ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ» አላት። «ግን ከለንደን ድረስ የመጣሁት ያቺን በሬዲዮ የሰማኋትን ወፍራም ድምፅ ብዬ ነበር፤ ለመሆኑ ዛሬ የት ሄዳ ነው?»