ከዘር የበቀለው ብርቱካን

ጎረቤቶቿ "ከዘር የበቀለ ብርቱካን እስኪያፈራ ዕድሜ ይፈጃል፤ ችግኝ ግዢ" ቢሏትም ይርገዱ አልሰማቻቸውም። ከጣሳ ወደ ባልዲ፣ ከባልዲ በሩ አጠገብ ወዳለው መሬት እያዛወረች፣ ውሃ በጠፋ ሰሞን ከምትጠጣው እየቀነሰች አሳደገችው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አበበ፤ መዓዛው ግቢውን ሞላው።

ያን ዕለት ከገበያ ስትመለስ ግን ዛፉ ከሥሩ ተቆርጦ መሬት ላይ ተጋድሟል። ባሏ ዘለቀ መጥረቢያውን እንደያዘ ላቡን ይጠርጋል። የመርሳት በሽታ ከያዘው ወዲህ ብዙ ነገር ይሳሳታል፤ እንዲህ ያለ ጥፋት ግን አጥፍቶ አያውቅም።

ዘንቢሉ ከእጇ ወደቀ። "አንተ ሰውዬ! ምን ጉድ ሠራኸኝ?"

"እሾሁን አላየሽም?" አላት፣ እንደሚያባብል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አብነት ሲሯሯጥ ዓይኑን ቢወጋውስ?"

ይርገዱ ወደ ተጋደመው ዛፍ ዞረች። አንድ ልጃቸው አብነት ያንን ዘር ከአፉ አውጥቶ "እማዬ፣ ትከይልኝ" ያላት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነበር። ዘሩ ሳይበቅል ልጁን ቀበሩት።

"ዛሬ ከትምህርት ቤት ቆየ እኮ" አለ ዘለቀ፣ በሩን በሩን እያየ።

"አሁን ይደርሳል" አለችውና እሾሃማውን ቅርንጫፍ ከመተላለፊያው ላይ ታነሳ ጀመር።