ከሳጥኑ የተረፈው ጽሑፍ

ገጽ አቀናባሪዋ የትምህርት ቤት መጽሔት በኮምፒውተር ስታሰናዳ፣ ከጽሑፉ ሳጥን ግርጌ ቀይ ምልክት ወጣ፤ ያልገባ ጽሑፍ ተርፏል ማለት ነው። ሳጥኑን ወደ ታች ስትስበው ማንም ያልጻፈው መስመር ብቅ አለ፦ «እናትሽ ሰገነት ላይ ልብስ እያሰጣች ነው።»

ደወለች።

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

«ሰገነት ላይ፤ ልብስ እያሰጣሁ። ምነው፣ ድምፅሽ ልክ አይደለም?»

ምልክቱ አልጠፋም። ደግማ ሳበችው፦ «የሰገነቱ መደገፊያ ብረት እየተነቀለ ነው።»

«በሞቴ እማዬ፣ ብረቱን ሳትነኪ ወደ ውስጥ ግቢ።»

«አንቺ ደግሞ ጥላሽን ትፈሪያለሽ። ይቺን አንሶላ ሰቅዬ እገባለሁ።»

ሳጥኑን እስከ ገጹ ጠርዝ ሳበችው። የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ቆይ፣ ነፋሱ አንሶላውን ወሰደብኝ።»

«ግቢ እማዬ» ብላ ለመነቻት።

«ቆይ» አለች እናቷ፣ «ነፋሱ አንሶላውን ወሰደብኝ።»