ስክሪኑ ላይ የወደቀችው ሴት

«ይህቺን ደንባራ ዛሬ እኔ ነኝ የማስተምራት» ብሎ ማይኩን ወረወረና ወደ መጋረጃው ሮጠ...

ድምፃዊው ነው። አድናቂዎቹ «ማሩ» ይሉታል። የመድረክ ሠራተኞቹ ደግሞ ዞር ሲል «ንቡ» ይሉታል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ኮንሰርቱ ነገ ነው። አዳራሹ ውስጥ የመጨረሻው ልምምድ ላይ ናቸው።

መድረኩ ላይ ፎቅ የሚያክል ስክሪን ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ወጣት ሴት አለች... እናቱ ናት።

ታናሽ እህቱ ነች ከድሮ ፎቶ ተነስታ በኮምፒዩተር የሠራቻት።

ይህን ሁሉ ዝና ያመጣለት ስለ እናቱ የዘፈነው ዘፈን ነው። ነገ ዘፈኑ ሲጀምር እናቲቱ ስክሪኑ ላይ እየተራመደች መጥታ እጇን ትዘረጋለታለች... ሕዝቡም ያለቅሳል። እንዲህ ነው የታሰበው።

ምስሏ ግን በራሷ አትንቀሳቀስም።

ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ተወዛዋዥ እንቅስቃሴን የሚያነብ ሴንሰር የተተከለበት ጥቁር ልብስ ትለብሳለች። ፊቷን የሚሸፍን ሄልሜትም አለው፣ ውስጡ ካሜራ ያለበት። እሷ እጇን ስታነሳ የስክሪኗ ሴት ታነሳለች። እሷ አፏን ስትከፍት ያቺም ትከፍታለች።

ዛሬ ታዲያ ምስሏ ደጋግማ ተደናቀፈች... በመጨረሻ በጉልበቷ ወደቀች።

«እናቴን መሳቂያ አደረገቻት» አለ ማሩ። ደሙ ፈላ። መጋረጃውን ገንጥሎ ገባ።

ጥቁር ልብስ የለበሰችው ሴት ለመነሳት እየታገለች ነበር። ጎኗን በእርግጫ አላት።

ተዘረረች... ደገማት።

«ተው! በእናትህ ተው!» እህቱ ከኮምፒዩተሯ ጮኸች።

«ለልብሱ ነው የምትሳሺው? ሌላ እገዛልሻለሁ» አላት ዞር እንኳ ሳይል።

እህቱ እየሮጠች ሌላም ነገር ጮኸች። የሙዚቃው ከበሮ ዋጠው።

ሴትየዋ እጇን ዘረጋችለት። ክንዷን ይዞ ጠመዘዘው... የሆነ ነገር ቀጭ ሲል በመዳፉ ተሰማው። አልተወም። ሄልሜቱን በቡጢ ነረተው። የራሱ እጅ ተላጠና ደማ፤ ደሙን ሲያይ ጭራሽ ባሰበት።

ያን ሁሉ ብረት ተሸክመው መድረክ የሚያቆሙ ጎረምሶች ቆመው ያያሉ። ከእነሱ አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ተው» አላለም። እንጀራቸው ነዋ...

በመጨረሻ የድምፅ ባለሙያው ሙዚቃውን አጠፋው።

ጸጥ አለ።

ማሩ ቀና ሲል ማንም እሱን አያይም። ሁሉም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል። እሱም ዞረ።

እናቱ ፎቅ አክላ መሬት ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። አንድ ክንዷ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ሴንሰር ያለው እሷ ላይ ብቻ ስለሆነ መቺው አይታይም... ተመቺዋ ብቻ ነች ያለችው።

ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ድምፁ ግን ከስክሪኑ አልመጣም... ከእግሩ ስር፣ ከሄልሜቱ ውስጥ ነው የመጣው።

«ልጄ... ልጄ...»

እህቱ ደርሳ ሄልሜቱን አወለቀችው። ሽበት ያለበት ፀጉር ተዘረገፈ። አፍንጫዋ ይደማል።

እናታቸው ነበረች።

ማሩ ወደ ኋላ ሸሸ። «እማዬ... አላወቅኩም። በፈጣሪ አላወቅኩም። እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

እህቱ ናት እያለቀሰች የመለሰችለት። «ተወዛዋዥ ከየት ላምጣልህ? የመጀመሪያዋን ልጅ መትተህ ጥርሷን አወለቅክ። ከዚያ ወዲህ ስምህን ስትሰማ እሺ የምትል ጠፋች። እማዬ ናት ‹ጉልበቴን ቢያመኝም እኔ እለብሰዋለሁ፣ ልጄን ሰው ፊት አላሳፍረውም› ያለችው። ነገ ከኮንሰርቱ በኋላ ልንነግርህ ነበር።»

እግሯ ላይ ተደፋ። «ይቅር በይኝ እማ... አንቺ መሆንሽን ባውቅ እኮ...»

እናትየው በደህና እጇ አገጩን ቀና አደረገችው።

«ቆይ ልጄ... ከዚህ ውስጥ ሌላ ሴት ብትወጣ ኖሮ ታለቅስ ነበር?»

የደማ እጁን ከኋላው ደበቀ።

«ያቺ ጥርሷን ያወለቅካት ልጅ ቤቴ መጥታ ነግራኝ ነበር። ‹የኔ ልጅ ሴት ላይ እጁን አያነሳም፣ ውሸታም› ብዬ ከበር መለስኳት።» ደሟን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ ሴት ልጇ ዞረች። «ሐኪም ቤት ውሰጂኝ። ለዚያች ልጅም ደውዪላት። አብረን ፖሊስ ጋ እንሄዳለን።»

«እማዬ... በልጅሽ ላይ?» አለ ማሩ።

«በልጄ ላይ» አለች።

ወገኖቼ... ሰው ሲበደል ስናይ «እናትህ ብትሆንስ? እህትህ ብትሆንስ?» ማለት እንወዳለን።

ባትሆንስ?

ሰው እንዳይመታ የኛ ዘመድ መሆን የለበትም። ሰው መሆኑ ይበቃል። እናትነትን በዘፈን አሞግሶ የሰው ልጅ የሚረግጥ ደግሞ ድምፁ ምንም ቢጣፍጥ ለኔ ባዶ ነው።

እስቲ እናንተ... በእናትየው ቦታ ብትሆኑ ልጃችሁን ትከሱት ነበር? «ምን ቢሆን ልጇ አይደል እንዴ» የምትሉም ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ እንዲያውም ማውራት የምፈልገው ከእናንተ ጋር ነው...